ቤትን ለደላላ ሰጥቶ በመሀል ስለመመለስ

ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ለደላላ ይነግራል። ደላላው ሰው ማመላለስ ይጀምራል፤ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ያልፋል። በዚህ መሀል ጎረቤት ወይም ዘመድ፣ አለዚያም የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ «ለምን ለእኔ አትሸጥልኝም?» ብሎ ይመጣል። ባለቤቱም «እንግዲያው ደላላውን ልተወውና ራሴ ልሽጥ» ብሎ ያስባል። ይችላል ወይ? ከቻለስ ለደላላው የሚከፍለው ዕዳ አለበት ወይ? ዛሬ በዚህ በድሬዳዋ፣ በቀፊራ ልናገርበት የመረጥኩት ጉዳይ ይህ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልግለጸው። ባለቤቱ ደላላውን በፈለገው ጊዜ ማሰናበት ይችላል፤ ይህን መብት ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ደላላው ያመጣለትን ገዢ ይዞ ደላላውን ብቻ ማሰናበት ግን አይችልም። ሁለቱን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ገዢውን ለዚህ ግዢ ያበቃው ማን ነው? በሽማግሌ ፊትም ሆነ በችሎት የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ የሚበቅለው ይህ ጥያቄ በጊዜው ወረቀት ላይ ባለመስፈሩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንኑ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

የምንነጋገርበት ገንዘብ ትንሽ አይደለም። በአገራችን በቤት ሽያጭ ላይ የተለመደው የድለላ ክፍያ 2 በመቶ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ከሻጭም ከገዢም ይጠየቃል። ለምሳሌ ቤቱ 6,000,000 ብር ቢሸጥ የሻጩ ድርሻ ብቻ 120,000 ብር ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት ስመ ንብረት ሲዛወር የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥም 2 በመቶ ነውና፣ ደላላው ከአንድ ወገን የሚጠይቀው ገንዘብ መንግሥት ለቴምብር ከሚሰበስበው ጋር ይተካከላል። ደመወዝተኛ ወይም አነስተኛ ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ላለመክፈል ቢያስብ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ደላላውም ስለ ኑሮው ነው የሚከራከረው። ድሬዳዋ ከመነሻዋ የመገናኛ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋን የፈጠራት የሰውና የዕቃ መገናኘት ነው። በቀፊራ ገበያም ከሐረርጌ ደጋ የወረደው አትክልት ነጋዴና ከቆላው የመጣው ከብት አርቢ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ እያቀላቀሉ ሲገበያዩ ኖረዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሻጭና ገዢን የሚያስተዋውቅ፣ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚተረጉም፣ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብሎ የሚመሰክር ሰው ሥራ እየሠራ ነው። ስለዚህ የምፈልገው ለሁለቱም ወገን የሚቆም ሚዛን ነው፤ ደላላን ባለሥራ አድርጎ የማይቆጥር አስተያየት ከመነሻው አይረዳንም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጡት የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቻችን ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ያውቃሉ። አንደኛው ወኪል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2199 መሠረት ወኪል ማለት ሌላውን ሰው ተክቶ፣ በእሱ ስም ሕጋዊ ተግባር የሚፈጽም ሰው ነው። ሁለተኛው ደላላ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን የሚያየው ራሱን ችሎ፣ ለትርፍ፣ ሽያጭ ወይም ኪራይ የመሰለ ውል እንዲዋዋሉ ሰዎችን የሚያገናኝ ባለሙያ አድርጎ ነው። የዚህ ሕግ አብዛኛው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም በወኪልና በደላላ መካከል ያለው ልዩነት ለጉዳያችን ዛሬም ያገለግላል። ቤታችሁን የሚያስማማው ደላላ ቤታችሁን አይሸጥም፤ የሚሸጡት እናንተ ናችሁ። እሱ የሚያደርገው የሚገዛውን ሰው እናንተ ዘንድ ማድረስ ነው። ከዚህ አንድ ቀጥተኛ ውጤት ይከተላል። ክፍያው የሚገባው ለደከመበት ቀን ብዛት ሳይሆን ላመጣው ሰውና በዚያ ሰው ምክንያት ለተፈጸመው ውል ነው። አርባ ጊዜ ሰው አመላልሶ ማንም ካልገዛ ኮሚሽን የለውም፤ ልማዱም ይኸው ነው፤ ደላላውም ይህን አውቆ ገብቶበታል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ስልክ ገዢ አምጥቶ ሽያጩ ከተፈጸመ ደግሞ ሙሉውን ያገኛል። ሁለቱንም በአንድነት መቀበል አለብን።

ማሰናበትን በተመለከተ ሕጉ ለባለቤቱ የሚያደላ ይመስለኛል፤ ማድላቱም ትክክል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2226 ወካዩ ውክልናውን በፈለገው ጊዜ መሻር ይችላል ይላል፤ ይህን የሚከለክል ስምምነት ቢኖር እንኳ ዋጋ እንደሌለው ይጨምራል። ሙሉ የመሸጥ ሥልጣን የተሰጠው ወኪል እንዲህ የሚሻር ከሆነ፣ ያን ሥልጣን ያላገኘውና ሰው በማገናኘት ብቻ የተሰማራው ደላላ ባለቤቱን በግድ ይዞ ሊያቆየው አይችልም። ጊዜ ያልተወሰነለትን ውል በተመለከተም ቁጥር 1821 ተዋዋዮቹ አንዳቸው ለሌላቸው በማስታወቅ ሊያቋርጡት እንደሚችሉ ይደነግጋል። በቀፊራ፣ በመጋላም ሆነ በከዚራ በቃል የሚደረገው ስምምነት ሁሉ ማለት ይቻላል ጊዜ ያልተወሰነለት ነው። «ቤቴን አስማማልኝ» ይባላል እንጂ «እስከ ጥር መጨረሻ» አይባልም። እንግዲህ «ይብቃን» ማለት ይበቃል። ውሉ ሲያበቃ ግን ከዚያ በፊት የተሠራው ሥራ አይሰረዝም። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል፤ ቁጥር 2162 ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሰው ድካም የበለጸገ ሰው እንዲክስ ያዝዛል። ሰኞ ደላላው ገዢ ቢያመጣ፣ ማክሰኞ ባለቤቱ ደላላውን ቢያሰናብት፣ ረቡዕ ለዚያው ገዢ ቢሸጥ፣ የማሰናበት መብቱን የተጠቀመ ሊመስለው ይችላል፤ በእውነቱ ያደረገው ግን የሰው ድካም መውሰድ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ፣ የንግድ ሕጉን የጀመሩት ዣን ኤስካራና የጨረሱት አልፍሬድ ዦፍሬ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ እውነት ነው። ግን በሐረርና በድሬዳዋ ሙስሊሞች ዘንድ ሥር የሰደደው የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ጁዓላ በሚባለው ስምምነት ሥር ይህንኑ ጉዳይ ተወያይተውበታል። ጁዓላ «ይህን ላስገኘልኝ ይህን እከፍላለሁ» የሚል ስምምነት ነው፤ ክፍያው በውጤቱ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለቱም ወገኖች ሊተዉት ይችላሉ። ሠራተኛው ከመጨረሱ በፊት ራሱ ከተወው ምንም አያገኝም። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ያቋረጠው ክፍያውን ቃል የገባው ወገን ከሆነ ግን፣ ሠራተኛው ለሠራው ያህል የአምሳያ ሥራ ዋጋ ይገባዋል። የመተው ነጻነትና የድካም ዋጋ እንዴት ጎን ለጎን እንደቆሙ ልብ በሉ። እንዲያውም በአንድ ነጥብ ከልማዳችን የበለጠ ለደላላው ያስባል፤ ውጤቱ ገና ሳይገኝ ባለቤቱ ካቋረጠ የተጀመረውን ድካም ከንቱ አያስቀርም። ይህን ለቀፊራ ሽማግሌዎች የሚጠቅም መነሻ አድርጌ አየዋለሁ፤ ደላላው ሰው ሲያመላልስ ከርሞ ባለቤቱ በድንገት ቢያሰናብተው፣ ኮሚሽን ባይገባውም የትራንስፖርቱንና የጊዜውን ግምት መስጠት ተገቢ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ ልግባ። ደላላው ገዢውን በእጁ ይዞ ባለቤቱ በር ላይ ካቆመው ክርክር የለም። ድሬዳዋ ውስጥ ግን ወሬ የሚጓዘው በእጅ ተይዞ አይደለም። ደላላው ከሰዓት የጫት በርጫ ላይ ተቀምጦ ስለ ቤቱ ያወራል፤ ከዚያ የሰማ አንዱ ማታ ለአክስቱ ልጅ ይነግረዋል፤ የአክስቱ ልጅ በሳምንቱ ባለቤቱን በቀጥታ ያነጋግራል። ባለቤቱ «ይህ ሰው ራሱ ነው የመጣው» ይላል፤ ደላላው «ወሬው ከእኔ ነው የወጣው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ታዲያ ማን አመጣው እንበል? በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ፎክስተንስ የተባለው ትልቅ የቤት አሻሻጭ ድርጅት ያቀረበው ክርክር እዚህ ላይ ያስተምረናል። ገዢዎቹ ቤቱን መጀመሪያ ያዩት በፎክስተንስ በኩል ነበር፤ አልወደዱትም፤ ተዉት። በኋላ በሌላ አሻሻጭ በኩል ተመልሰው ገዙት። ፎክስተንስ «እኔ ነኝ ቀድሜ ያሳየኋቸው» ብሎ ኮሚሽን ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ሰውን ከቤቱ ጋር ማስተዋወቅና ሰውን ከግዢው ጋር ማስተዋወቅ የተለያዩ ናቸው፤ ክፍያ የሚያስገኘው ሁለተኛው ነው አለ። ይህን ፍርድ ለእኛ ሁኔታ ሳመዛዝነው ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ። በበርጫ የተወራ ወሬ ገዢ አያደርግም። ቤቱን ያሳየ፣ ስለ ዋጋው ሁለቱን ያነጋገረ፣ የሁለቱንም ስም የሚያውቅና ለሁለቱም የሚታወቅ ደላላ ግን ገዢ አምጥቷል፤ ዋጋው በኋላ ያለ እሱ ቢቆረጥም እንኳ። በአገራችን ደግሞ አንዱ ደላላ ለሌላው እየነገረ አንድ ቤት በብዙ እጅ ስለሚዞርና ኮሚሽኑም ስለሚከፋፈል፣ ባለቤቱ ከማያውቀው አምስተኛ ደላላ ጋር ሊጋጭ አይገባም። ባለቤቱ ተጠያቂ የሚሆነው ቤቱን ለሰጠው ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍፍል የደላሎቹ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ከደላሎች ወገን የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ቀለል አድርጌ ላልፈው አልችልም። «ባለቤቱ በፈለገው ቀን የሚያሰናብተኝ ከሆነ፣ ለምን ብዬ ጊዜዬንና የስልክ ካርዴን አጠፋለሁ? የምለፋው ለእሱ፣ የሚያተርፈው ጎረቤቱ» ይላሉ። እውነትነት አለው። ይህን ፍርሃት ለማስወገድ በሌሎች አገሮች የብቸኝነት ውል ይዋዋላሉ። በእንግሊዝ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ሌላ አሻሻጭ አይገባበትም፤ ባለቤቱ ግን ራሱ ለሚያገኘው ገዢ ቢሸጥ ኮሚሽን አይከፍልም። በሁለተኛው በውሉ ዘመን ማንም ቢሸጠው፣ ባለቤቱ ራሱ ለወንድሙ ቢሸጠው እንኳ፣ ይከፍላል። ልዩነቱ ብዙ ሰው ስላሳሳተ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ደንብ አሻሻጩ የእነዚህን ቃላት ትርጉም ለባለቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስረዳ አስገድዷል። በአሜሪካም በብዛት የሚሠራበት ሁለተኛውን የመሰለ ውል ነው። ፈረንሳይ ግን ለባለቤቱ መውጫ በር ከፍታለች፤ የብቸኝነት ውል ከተፈረመ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ማንኛውም ወገን በ15 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሊያቋርጠው ይችላል። እኔ የምመርጠው የፈረንሳዩን ጊዜና የእንግሊዙን የመጀመሪያ ዓይነት አንድ ላይ ነው። ለደላላው ሁለት ወይም ሦስት ወር የማይነካ ጊዜ ይሰጠው፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ደላላ አይግባበት፤ ባለቤቱ ግን ለራሱ ሰው የመሸጥ ነጻነቱ አይወሰድበት። ቤት ለብዙ ኢትዮጵያዊ የዕድሜ ልክ ሀብት ነው። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በእጁ ያለው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው፤ በዚህ ላይ ለወንድሙ ለመሸጥ የደላላ ፈቃድ ይጠይቅ ማለት ከልክ ያለፈ ነው።

ከባለቤቶች ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ የበለጠ ይሰማል። «አንድ ስልክ ደወለ፣ አንድ ሰው ይዞ መጣ፤ ለዚህ 120,000 ብር?» ይባላል። ይህ ቅሬታ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1941 እስከ ጌቶች ምክር ቤት የደረሰው የለክሰር ክርክር፣ ሲኒማ ቤቶችን ለማሻሻጥ ስለተባለ 10,000 ፓውንድ ኮሚሽን ነበር፤ ሥራው የጥቂት ቀናት ብቻ መሆኑ ዳኞቹን ራሳቸውን አስደንቋል። ፍርዱ ግን ያረፈው በሌላ ነጥብ ላይ ነው፤ ባለቤቱ አሻሻጩ ያመጣውን ገዢ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ሽያጩ እስኪፈጸምም ኮሚሽን የለም። ነጻነቱ እዚህ ድረስ ይደርሳል፤ የመጣውን ገዢ አልፈልግም ብሎ መመለስም ይቻላል። ሽያጩ ከተፈጸመ በኋላ «ዋጋው በዛ» ማለት ግን የዘገየ ነገር ነው። ዋጋ የሚቆረጠው ቤቱ ለደላላው ሲሰጥ ነው። ያን ጊዜ 2 በመቶው ይብዛ ይነስ መደራደር፣ «ከዚህ በላይ አልከፍልም» ብሎ ቁርጥ ያለ ብር መናገር ይቻላል። ደላላውን ተጠቅሞ በኋላ በብልሃት ማምለጥ ግን የሚጎዳው ደላላውን ብቻ አይደለም፤ ነገ ቤቱን በሐቅ የሚሰጠውን ሌላውን ሻጭ ደላላው እንዳያምነው ያደርጋል፤ ገና ከበር አስቀድመህ ክፈል ማለትም ይመጣል።

ስለ ደላላ አጭበርባሪነት የሚነሳውን ክርክር በከፊል እቀበለዋለሁ። ባለቤቱ «ለእኔ 5,500,000 ብር ይድረሰኝ፤ ከዚያ በላይ ያለው ያንተ ነው» የሚልበት ልማድ አለ። ይህ ልማድ ሁሉንም ያበላሻል። ደላላው ለሻጩ የሚሠራ መሆኑ ያበቃና ለራሱ የሚሸጥ ነጋዴ ይሆናል፤ ዋጋውን ለሻጩ ይደብቃል፤ ገዢውን ከሻጩ ያርቃል፤ ከሩቅ የመጣ ገዢ ደግሞ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ እውነቱን ሲሰማ ባለቤቱን ይጠላል። ይህን ያደረገ ደላላ፣ ወይም ከገዢው የመጣለትን ዋጋ ለባለቤቱ ቀንሶ የነገረ ደላላ፣ ሊሰናበት ይገባል፤ ባለቤቱም ያለ አንዳች ጸጸት ሊያሰናብተው ይችላል፤ የአምሳያ ዋጋም አይገባውም። ግን ብዙ ጊዜ መንገዱን የከፈተው «የተረፈው ያንተ» ያለው ባለቤት ራሱ ነው። በመቶኛ ወይም በቁርጥ ብር የተስማማ ሰው ከዚህ ጭንቀት ይድናል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ተቃውሞ በጨዋነት የሚነገረው ነው፦ «እኛ በቃል የምንተማመን ሰዎች ነን፤ ወረቀት ማውጣት ጥርጣሬ ነው።» የቃልን ክብር አልነካም። በሕጉም ቢሆን የድለላ ስምምነት በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አልተባለም፤ ቁጥር 1719 ሕግ ልዩ ፎርም ካላዘዘ ስምምነት በማንኛውም መልክ ሊደረግ ይችላል ይላል። ነገር ግን ቃል የሚያገለግለው ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ሲያስታውሱ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚያስታውሱት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በሙስሊሙም ዘንድ ወረቀት የጥርጣሬ ምልክት ሆኖ አያውቅም፤ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል-በቀራህ 282ኛው፣ የዱቤ ግዴታን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር ነው። የምለው ወረቀት የጠበቃ ሥራ አይደለም። ቤቱ ለደላላው ሲሰጥ ቀኑ፣ ክፍያው፣ የማይነካው ጊዜና የባለቤቱ ራሱ የመሸጥ ነጻነት በአንድ ገጽ ይሰፍራል። በተለይ በጣም የምጠይቃችሁ ስለሌላ ወረቀት ነው፤ ስምምነቱ ሲቋረጥ ስለሚጻፈው። ያን ቀን ደላላው እስከዚያ ቤቱን ያሳያቸውን ሰዎች ስም በዝርዝር ይስጥ፤ ሁለቱ ይፈርሙበት። ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሰው ቢገዛ ኮሚሽን አለ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሰው ቢገዛ የለም። ደላላው ዝርዝር ካልሰጠ፣ በቀኑ የተላከ አጭር የስልክ መልእክትም ቢሆን፣ «ስም ዝርዝር ጠይቄህ አልሰጠኸኝም» የሚል ማስረጃ ይሆናል። በበርጫ የተወራው ወሬ ዳኛ ፊት ቀርቦ የሚያስጨንቀን ይህ አንድ ገጽ ስለሌለ ነው።

ቤቱን ራሱ የሚሸጥ ሰው ከደላላው ጋር አብረው የሚሄዱ ሥራዎች በእሱ ላይ እንደሚወድቁ ማወቅ አለበት። ማንኛውም የቤት ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 መሠረት በጽሑፍ፣ በቁጥር 1723 መሠረት ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መሆን አለበት፤ በእኛ አነጋገር ውልና ማስረጃ መሄድ ማለት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን በጥብቅ ተርጉሞታል፤ ሻጩ ሽያጩን ሲያምን ውጤቱ ሊለይ እንደሚችል በኋላ የመጡ ውሳኔዎች ቢያሳዩም፣ ማንም ሀብቱን በዚህ ልዩነት ላይ መጣል የለበትም። በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ የትዳር ጓደኛ ሳያውቅ ከጎረቤት ጋር የተቆረጠ ዋጋ ኋላ ይፈርሳል። ቤቱ ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ ከሆነ ገዢው ስለ ጎርፉ መጠየቁ አይቀርም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት ያደረሰውን እልቂት የማያውቅ የድሬዳዋ ሰው የለም፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ገዢ ግን ላያውቅ ይችላል። ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ባለቤቱ ራሱ በግልጽ መናገር አለበት፤ የተደበቀ ጉድለት በኋላ ክስ ሆኖ ይመለሳል።

ቀብድ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግድ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ባለቤቱ ደላላውን ሳያሰናብት ከዘመዱ 200,000 ብር ቀብድ ቢቀበል፣ በዚያው ሳምንት ደላላው ሌላ ሰው አምጥቶ በተሻለ ዋጋ ቢያባብለው፣ ዘመዱን ለማሰናበት 400,000 ብር ይመልሳል፤ ዝምድናውም ይሄዳል። መጀመሪያ ደላላውን ማሰናበት፣ ዝርዝሩን መቀበል፣ የዘመድ ስም በዝርዝሩ አለመኖሩን ማየት፣ ቀብድ መያዝ ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ በውጭ አገር ላለ ሰው ከሆነ አንድ ደረጃ ይጨመራል። ባለቤቱ በኤምባሲ በኩል ለወንድሙ የመሸጥ ውክልና ልኮ ይሆናል፤ ወንድሙ ደግሞ ደላላ ይዟል። ባለቤቱ ራሱ ሊሸጥ ቢወስን ደላላው ሲሰናበት ውክልናው አብሮ አይሰናበትም። ቤት ለመሸጥ የሚያስፈልገው ልዩ ውክልና በቁጥር 2205 የተጠቀሰ ነው፤ ሲሻር መሻሩ በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት መመዝገብና ሰነዱ መመለስ አለበት፤ አለዚያ ወንድም በአንድ በኩል፣ ባለቤት በሌላ በኩል አንድ ቤት ሁለት ጊዜ የመሸጥ አደጋ አለ።

የቀረኝ የጊዜ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ እስከ መቼ ይሠራል? ደላሎች «ያመጣሁት ሰው ዓመትም ቆይቶ ቢገዛ ድርሻዬ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ለዚህ ልስማማ አልችልም። ቤቱን ጥቅምት ላይ አይቶ የተወ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ሲመጣ የሚያመጣው ያጠራቀመው ገንዘብ ወይም የተለወጠው ኑሮው ነው፤ የደላላው ድካም ያን ጊዜ አልቋል። ስለዚህ ዝርዝሩ ስምምነቱ ከተቋረጠ ጀምሮ ለሦስት ወር ቢጸና በቂ ነው እላለሁ፤ ስድስት ወር የሚስማሙም አይሳሳቱም። የገዢው ድርሻ ሌላ ጉዳይ ነው። ደላላው ከገዢውም ጋር ለብቻው ተስማምቶ ከሆነ ባለቤቱ ሲያሰናብተው ያ ስምምነት አይፈርስም፤ ባለቤቱም ለገዢው «ደላላውን አሰናብቼዋለሁና አንተም ነጻ ነህ» ብሎ ሊያረጋግጥለት አይችልም። ገዢው ከደላላው ጋር ምን እንደተስማማ የሚያውቀው ራሱ ነውና፣ ውልና ማስረጃ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት ይህን ሻጩ ይጠይቀው።